ሰለሪ አገዛዝና አያያዝ፦ ከጉልት እስከ ፍሪጅ

ሰለሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ለአንድ ድስት ሾርባ ነው። ሁለት ሦስት አገዳ ይከተፍና የቀረው ከነፌስታሉ ፍሪጅ ይገባል። በሳምንቱ ሲታወስ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ አገዳው ተልፈስፍሷል። ከዚያ ወደ ቆሻሻ። የሚያስቆጨው ሰለሪ እንዲህ ቶሎ የሚበላሽ አትክልት አለመሆኑ ነው። ሰላጣና ቆስጣ በጥቂት ቀን እጅ ሲሰጡ፣ በደንብ የተያዘ ሰለሪ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት በቀላሉ ይቆያል። ሲገዛ ጥሩ ከነበረ ሦስትና አራት ሳምንትም ይደርሳል።

ሚስጥሩ ውሃ ነው። ከሰለሪ ክብደት 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። አገዳው ሲሰበር ቀጭ የሚለው ውስጡ ያሉት ህዋሳት በውሃ ተወጥረው ስለቆሙ ነው። ውሃው ሲቀንስ ንፋሱ እንደጎደለ ጎማ ይረግባል። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው። ውሃው እንዳይወጣ መያዝ፣ ግን ደግሞ አትክልቱን አለማፈን። እነዚህ ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ። የሚታረቁበት መንገድ አለ፤ እሱን ወረድ ብለን እናየዋለን። መጀመሪያ ግን ገበያ እንውጣ።

ለምን እንደፈለጋችሁት ሳትወስኑ አትግዙ

እዚህ አዲስ አበባ ጉልት ላይ የምናገኘው ሰለሪ ብዙ ጊዜ ቀጠን ያለ፣ ደማቅ አረንጓዴና ቅጠላም ነው። ሽታው ጠንከር ይላል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ደግሞ ወፈር ያለ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ የተቆረጠለት ይገኛል። ብዙ ሰው ወፍራሙን ሲያይ "ይሄ ነው ደህናው" ይላል። እኔ አልስማማም። ለሾርባና ለፓስታ ሱጎ ቀጭኑ የጉልት ሰለሪ ይሻላል፤ መዓዛው ድስቱን ይሞላዋል። ወፍራሙ የሚያምረው በጥሬው ሲበላ ነው፤ ሰላጣ ውስጥ፣ ወይም ለጁስ። ውሃው በዛ ይላል፣ ምሬቱ ቀነስ ይላል።

ውጭ አገር ላላችሁ ምርጫው ሌላ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ከነመቀመጫው (አገዳዎቹ ከታች ከሚገናኙበት ክፍል ጋር) ያለ ሙሉ እስር፣ የመሐሉ ለጋ ብቻ የታሸገበት፣ እንዲሁም ታጥቦ ተከትፎ የተዘጋጀ ይሸጣል። ሙሉውን ግዙ። የተከተፈው ውድ ከመሆኑም በላይ ቶሎ ይበላሻል፤ ቢላዋ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ውሃ የሚወጣበትና ጀርም የሚገባበት በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቴክሳስ ውስጥ በፋብሪካ በተከተፈ ሰለሪ ላይ በተገኘ ሊስቴሪያ በሚባል ባክቴሪያ ሰዎች ሞተዋል። ይህ የየቀኑ አደጋ አይደለም። ግን አንድ ደቂቃ ለሚፈጅ መክተፍ ተጨማሪ መክፈል አይታየኝም።

ጉልት ላይ፦ ዓይን ይሸወዳል፣ እጅ አይሸወድም

አትክልት ነጋዴ ቅጠላ ቅጠል ላይ ውሃ መርጨት ያውቅበታል። ከሰዓት በኋላ ስትሄዱ የሚያብረቀርቀው ሰለሪ ጠዋት የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከትናንት ወዲያ የመጣም ሊሆን ይችላል። እርጥበት ትኩስነት አይደለም። እንዲያውም ታስሮ ውሃ የተረጨበት ሰለሪ መሐሉ ላይ መበስበስ ይጀምራል። ስለዚህ እስሩን አንሱት። ለመጠኑ ከበድ ካለ ውሃው አለ። ቀለል ካለ ውሃው ሄዷል።

ቀጥሎ ከውጭ ያለውን አንድ አገዳ በሁለት ጣት ይዛችሁ ጎንበስ አድርጉት። ትኩስ ከሆነ መጎንበስ እምቢ ብሎ ቀጭ ይላል። ከተለመጠ አርጅቷል ወይም ተጠምቷል። ደንበኛ ካላችሁ ይህን ማድረግ ነውር የለውም። "የኔ እናት፣ አንዷን ልስበራት?" ስትሏት ራሷ ሰብራ የምታሳያችሁ ሻጭ ጥሩ ዕቃ አላት ማለት ነው። "ተይው፣ ይበላሽብኛል" ካለች ደግሞ መልሱን አግኝታችኋል።

የሰበራችሁትን ጫፍ እዩት። ውስጡ ጥቅጥቅ ያለና እርጥብ መሆን አለበት። ነጭ፣ ስፖንጅ የመሰለ፣ አንዳንዴም መሐሉ ክፍት ከሆነ በእድገቱ ጊዜ ውሃ አጥሮታል ወይም ማሳ ላይ ቆይቷል። አይጎዳም፣ ግን ጣዕም የለውም፤ ቀዝቃዛ ውሃም አያድነውም።

ከዚያ መሐሉን ገለጥ አድርጉ። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም፤ ሰለሪ የሚደብቀው ጉድ ያለው ግን እዚያ ነው። ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ትንንሾቹ የመሐል ቅጠሎች ጫፋቸው ጠቁሮ ከሆነ ተዉት፤ ተክሉ ካልሲየም በደንብ ሳይደርሰው ሲቀር የሚመጣ ችግር ነው፣ ጥቁረቱም በኋላ ወደ መበስበስ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ከመሐል አንድ ክብ ጠንካራ ግንድ ወደ ላይ ከተመዘዘ ሊያብብ ተነስቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ይመራል፣ ቃጫውም ይበዛል። ሦስተኛ፣ ጣታችሁ ላይ የሚያሟልጭ ነገር ከተሰማችሁ እስሩን መልሱ።

ቅጠሉ ይዋሻል የሚባል ነገር የለም። ደማቅ አረንጓዴና የቆመ ከሆነ ሰለሪው በቅርቡ ተቆርጧል። ቢጫ ከሆነ ቆይቷል። ነጋዴው ቅጠሉን ሙልጭ አድርጎ ቆርጦ ከጣለው ደግሞ ለምን እንደቆረጠው ጠይቁ፤ አንዳንዴ ቢጫውን መደበቂያ ነው። በመጨረሻም መቀመጫውን ገልብጡት። የተቆረጠበት ቦታ ትንሽ ቡናማ መሆኑ የተለመደ ነው። የሚያሰጋው ጥቁር፣ የላላና የሚሸት ሲሆን ነው።

ሰዓቱም ልዩነት ያመጣል። የአዲስ አበባ የአትክልት ጅምላ በ2012 በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄዷል። ሽሮ ሜዳ ወይም ኮተቤ ላለ ሰው አትክልቱ የሚጓዘው መንገድ ረዝሟል። ጅምላው የሚጧጧፈው በሌሊትና በማለዳ ስለሆነ የሰፈር ጉልት ትኩስ ዕቃ የሚኖረው ረፋድ ላይ ነው። ከሥራ ስትመለሱ ማታ የምትገዙት ሰለሪ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ነው። አማራጭ ከሌላችሁ ከጥላ ሥር፣ ከካሮቱ ጀርባ ያለውን እስር ለምኑ።

ስንት እንግዛ? አንድ እስር። ረክሶ ስላገኛችሁት ሦስት እስር አትሸከሙ፤ ከታች እንደምናየው ፍሪዘር ውስጥ ልታስቀምጡት ካልወሰናችሁ በቀር።

መንገድ ላይ

ዘነቢሉ ውስጥ ድንችና ሽንኩርት ከታች፣ ሰለሪ ከላይ። የተቀጠቀጠ አገዳ በማግስቱ ቡናማ ይሆናል። አዳማ፣ ድሬዳዋ ወይም ዓረብ አገር ያላችሁ፣ ሰለሪ ገዝታችሁ መኪና ውስጥ ትታችሁት ሌላ ሱቅ አትግቡ። በዚያ ሙቀት የተዘጋ መኪና ውስጥ ሰለሪ ለመጠውለግ ብዙ ጊዜ አይፈልግም።

ቤት እንደደረሳችሁ

አትጠቡት። ይሄ ከሁሉ ይበልጣል። አገዳዎቹ መቀመጫው ጋ ተደራርበው ስለሚገናኙ እዚያ መሐል የገባ ውሃ አይደርቅም። ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ ያበሰብሰዋል። ጭቃ ካለው በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። በክረምት የሚመጣ ሰለሪ ብዙ ጊዜ ጭቃ አለው፤ መጠረግ ካልበቃው እጠቡት፣ ግን አራግፋችሁ ወንፊት ላይ ዘቅዝቁት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይግባ።

የታሰረበትን ላስቲክ ወይም ገመድ ፍቱት። ላስቲኩ የሚጫነው ቦታ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ቦታ ነው። የተሰበሩና የጠቆሩ አገዳዎችን ለዩ፤ እነሱ ዛሬውኑ ድስት ይግቡ። መቀመጫውን ግን አትቁረጡት። አገዳዎቹ ተያይዘው እስከቆዩ ድረስ ውሃቸውን በደንብ ይይዛሉ።

አሁን ቅጠሉን ከአገዳው ለዩት። ቅጠሉ ተቆርጦም ሥራውን አያቆምም፤ ከአገዳው ውሃ እየሳበ በትነት ያወጣዋል። እላዩ ላይ ከተዋችሁት አገዳውን ያደርቅባችኋል። አገዳው ሁለት መሆን የሚጀምርበት መገጣጠሚያ አለ፤ ከዚያ በላይ ያለውን በቢላ አንሱት። የመሐሉን ለጋ ቅጠል ብትተዉት ችግር የለውም። የቆረጣችሁትን አትጣሉ። የጉልት ሰለሪ ከገዛችሁ ከከፈላችሁት ግማሹ ያህል እዚያ ቅጠል ላይ ነው።

ፎይል

ሰለሪ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል። በዚያ መሐል ኤትሊን የሚባል ጋዝ በትንሹ ያወጣል። ሙዝን የሚያበስለው ጋዝ ይሄው ነው። ፌስታል ቋጥራችሁ ስታስቀምጡት ጋዙም ላቡም መውጫ ያጣሉ። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ አገዳው ይመራል፣ ላቡ ተመልሶ ያበሰብሰዋል። እንዲያው ገልጣችሁ ብታስቀምጡት ደግሞ የፍሪጁ ደረቅ አየር ውሃውን ይመጥጠዋል። ቅድም ይጣላሉ ያልናቸውን ሁለት ነገሮች የሚያስታርቀው የምግብ ፎይል ነው። እርጥበቱን አብዛኛውን ይይዛል፣ በእጥፋቱ በኩል ግን ጋዙን ያስወጣል።

አሠራሩ ይኸው። ፎይሉን ከሰለሪው ርዝመት አንድ ስንዝር ያህል አስረዝማችሁ ቁረጡ። ደረቁን ሰለሪ መሐል ላይ አጋድሙት። አንዱን ጎን አልብሱት፣ ሌላውን ደርቡበት። ጫፎቹን ጎንበስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ እጠፏቸው፤ አትጠቅልሏቸው፣ አትጭመቋቸው። በእጃችሁ ስትይዙት ላላ ያለ ግን የማይፈታ መሆን አለበት። ዳቦ ልትጋግሩበት ይመስል ድርግም አድርጋችሁ ከዘጋችሁት ከፌስታሉ አይለይም።

ስትፈልጉ ገለጥ አድርጋችሁ የሚያስፈልጋችሁን አገዳ ከውጭ በኩል ገንጥላችሁ ውሰዱ። መልሳችሁ ሸፍኑት። ፎይሉ ካልተቀደደ ጠርጋችሁ ለሚቀጥለው እስር ትጠቀሙበታላችሁ፤ ዋጋውን ለምናውቀው ይህ ቀላል አይደለም። ፎይል ከሌለ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ በደንብ ጨምቁትና ጠቅልሉት፣ ከዚያ አፉ ክፍት በሆነ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡት። በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ጨርቁን ማርጠብ አለባችሁ። እስከ አሥር ቀን ያህል ያዘልቃችኋል።

ፍሪጁ ውስጥ የት?

ታች ያለው የአትክልት መሳቢያ። ሰለሪ ቅዝቃዜ ይወዳል፤ ትልልቅ መጋዘኖች የሚያስቀምጡት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ግን ከዜሮ ግማሽ ዲግሪ ያህል እንደወረደ በረዶ ይሠራል። ፍሪጃችሁ የጀርባው ግድግዳ በረዶ የሚያነሳ ከሆነ ሰለሪው እንዳይነካው ወደ ፊት አምጡት። በረዶ የመታው አገዳ መስታወት ይመስላል፣ ሲቀልጥ ይፈርሳል።

ከሙዝ፣ ከአቮካዶ፣ ከማንጎ፣ ከፓፓያ፣ ከፖምና ከበሰለ ቲማቲም አርቁት። እነዚህ ኤትሊን በብዛት የሚያወጡ ናቸው። አንድ መሳቢያ ብቻ ካላችሁ ፍራፍሬው ሌላ መደርደሪያ ላይ ይውጣ። ካሮት፣ ጎመንና ባሮ ሽንኩርት ጎረቤት ቢሆኑ ግን ምንም አይሉትም።

መብራት ሲጠፋ አትደንግጡ። ያልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ የሚያሳስበው ሥጋውና ወተቱ ነው። በፎይል ያለ ሰለሪ አዲስ አበባ አየር ላይ ቀኑን ሙሉ ቢውል አይሞትም። በሩን ደጋግሞ እየከፈቱ "ቀዝቅዟል?" ማለት ብቻ ይቅር።

ፍሪጅ ለሌለው ቤት

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ሰለሪውን እንደ አበባ ውሃ ውስጥ ማቆም ነው። መቀመጫውን በስሱ ሸርፉት፣ ከአራት ጣት ያልበለጠ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ማሰሮ ወይም ጆግ ውስጥ አቁሙት፣ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈን አድርጉት። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። ቀዝቀዝ ያለና ጨለም ያለ ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ያቆየዋል። ፍሪጅ ያላችሁም ቦታ ካላችሁ እዚያ ውስጥ በዚሁ መንገድ አንድ ሳምንት ልታቆዩት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው የሸክላ ነው። እንስራ ላይ የተቀመጠ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሸክላው ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስገቡ። መሐላቸውን በአሸዋ ሙሉና አሸዋውን ውሃ አጠጡት። ሰለሪውን ትንሹ ውስጥ አድርጋችሁ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ነፋሻ ጥላ ላይ ይቀመጥ። አሸዋው መድረቅ የለበትም፤ ጠዋትና ማታ ውሃ ጨምሩበት። ይህ በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ጥሩ ይሠራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ትነቱ ስለሚያንስ ብዙ አትጠብቁበት።

የተልፈሰፈሰውን ማንሳት

ሰለሪ ረገበ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም። ተጠምቷል። አገዳዎቹን ለያዩ፣ የታችኛውን ጫፍ ሸርፉ፣ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ንከሯቸው። በረዶ ካለ ጨምሩበት። ህዋሳቱ ውሃውን መልሰው ይስቡታል፤ በግማሽ ሰዓት ለውጡን ታያላችሁ፣ በጣም ለረገበው አንድ ሰዓት ስጡት። ቀና ካለ በኋላ ግን ያው ቀን ብሉት። መልሳችሁ ብታስቀምጡት ከበፊቱ ቶሎ ይወድቃል።

ለልጆች መክሰስ ወይም ለጾም ማባያ እንጨት እንጨት አድርጋችሁ የቆረጣችሁትም እንዲሁ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ፍሪጅ ይቀመጣል። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። አራት አምስት ቀን ይቆያል። ጣዕሙ ትንሽ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ቀጭ የሚለው ግን አይጠፋም።

ቅጠሉ

ለሳምንቱ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ አስገቡት። ለሾርባ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ድስቱ ሊወጣ ሲል። ቀድሞ ከገባ ይመራል። ሱጎ፣ የዓሣ ወጥ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዕንቁላል ላይ ሁሉ ይሄዳል። ሽሮ ላይ ግን ባትሞክሩት ይሻላል። ይሄ የግሌ አስተያየት ነው።

ለረጅም ጊዜ ከሆነ አድርቁት። እጠቡት፣ በጨርቅ አድርቁት፣ ሰፌድ ላይ ሳትደራርቡ በትኑት። ጥላ ላይ ይሁን፤ ፀሐይ ቀለሙንም መዓዛውንም ይወስደዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የደጋ አየር ለዚህ የተሠራ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጅ ሲያሹት የሚንኮሻኮሽ ይሆናል። ትንሽ እንኳ ከለሰለሰ ገና ነው፤ እንዲያ ሆኖ ብልቃጥ ከገባ ይሻግታል። በክረምት በጥላ ለማድረቅ አትሞክሩ። ምድጃ ካላችሁ በዝቅተኛው ሙቀት፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ አድርቁት። ሲደርቅ አሽታችሁ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ፣ ከብርሃን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሁለት እጅ ቅጠል ከአንድ እጅ ጨው ጋር ፈጭታችሁ ብታዋህዱት ደግሞ የሰለሪ ጨው ይሆናል። የተጠበሰ ዶሮ ላይ ስትነሰንሱት እንግዳ "ምን አደረግሽበት?" ይላል።

ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ

የቀዘቀዘ ሰለሪ ሲቀልጥ አይቆምም። በረዶው ህዋሳቱን ይሰነጥቃቸዋል። ስለዚህ ለሰላጣ አይሆንም። ለሾርባ፣ ለሱጎ፣ ለምስር ሾርባ ግን ልዩነቱን አታዩትም። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት፣ ለአትክልት የሚሻማው ሰው ሳይበዛ፣ ሁለት ሦስት እስር ገዝቶ እንዲህ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

1. አገዳዎቹን ለያይታችሁ በደንብ እጠቡ። ቃጫው የበዛውን ከላይኛው ጫፍ በቢላ ያዝ አድርጋችሁ ወደ ታች ሳቡት፤ ክሩ አብሮ ይወጣል።
2. የሁለት ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት እያደረጋችሁ ክተፉ።
3. ብዙ ውሃ አፍሉ፣ ሰለሪውን ጨምሩና እንደገና ሲፈላ ሰዓት ያዙ። በባሕር ወለል ደረጃ ላሉ ከተሞች የሚመከረው 3 ደቂቃ ነው። ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለን አንድ ደቂቃ ይጨመራል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ 4 ደቂቃ ስጡት።
4. ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አስገቡት፣ ለዚያው ያህል ደቂቃ።
5. አጥልሉ፣ በጨርቅ አድርቁ። እርጥብ ከገባ ተጋግሮ አንድ ድንጋይ ይሆናል።
6. ትሪ ላይ ሳትደራርቡ በትናችሁ ፍሪዘር አስገቡ። በረዶ ሆኖ ሲጠጥር በከረጢት አድርጉ፣ አየሩን አስወጡ፣ ቀኑን ጻፉበት።

እንዲህ የተሠራው እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ማፍላቱ የሚያስፈልገው ቀለምና ጣዕም የሚያበላሹትን ኢንዛይሞች ለማስቆም ነው። በአንድና በሁለት ወር ውስጥ የምትጨርሱት ከሆነ ሳታፈሉም ይቻላል፤ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ክተፉ፣ አስገቡ። እኔ ከካሮትና ከሽንኩርት ጋር ለአንድ ድስት በሚበቃ መጠን እየለካሁ ነው የማስቀምጠው። ከሥራ ሲመለሱ ሳያቀልጡ በቀጥታ ዘይት ላይ መጣል ነው።

ሙሉ ፍሪዘር መብራት ቢጠፋ ሳይከፈት 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ይይዛል።

ስለ ማጠብ አንድ ቁም ነገር

አዲስ አበባ ውስጥና ዙሪያዋ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ የሚለማ አትክልት አለ። ወንዙ የሰፈርና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላል። የገዛችሁት ሰለሪ ከየት እንደመጣ ማወቅ ከቻላችሁ ጠይቁ። ካልቻላችሁ ደግሞ አብስላችሁ ብሉት፤ ለታይፎይድ፣ ለአሜባና ለጃርዲያ ከማብሰል የሚበልጥ መላ የለም። ፋብሪካ የሚለቃቸውን ከባድ ብረቶች ግን ማብሰልም ማጠብም አያወጣቸውም፤ ስለዚህ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ዋጋ አለው።

በጥሬው የምትበሉት ከሆነ አገዳዎቹን አንድ በአንድ ለያዩ። ቆሻሻው የሚደበቀው በነጩ የታችኛው ክፍል ጉድጓድ ውስጥ ነው። በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ሥር በጣታችሁ ወይም በለስላሳ ብሩሽ እሹት። አቼቶ ያለበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ጀርሙን ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ለአትክልት ተብሎ የሚሸጥ የክሎሪን መድኃኒት ካላችሁ መጠኑን ከዕቃው ላይ አንብቡ፤ በግምት አትጨምሩ። በሳሙና አይታጠብም።

መቼ ይጣል?

ጫፉ ቡናማ ቢሆን ሸርፋችሁ ብሉ። ቢረግብ ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ቅጠሉ ቢጫ ቢሆን ቅጠሉን ብቻ ጣሉ። የሚያሟልጭ፣ የሚሸት፣ መቀመጫው ላይ ሻጋታ ወይም ሮዝ መልክ ያለው ውሃማ ብስባሽ ያወጣ ከሆነ ግን ሙሉውን አስወግዱ። የበሰበሰ ሰለሪ ቆዳን ለፀሐይ ስስ የሚያደርጉ ውህዶችን ከጤነኛው በላይ ያመርታል፤ በሰለሪ ማሳ ላይ የሚሠሩ ሰዎች እጃቸው ላይ ውሃ የሚቋጥር ቁስል የሚወጣባቸው በዚህ ነው። ጤነኛውንም ቢሆን ብዙ ከከተፋችሁ ፀሐይ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ።

ጠዋት ጠዋት የሰለሪ ጁስ የሚጠጡ ሰዎች በዝተዋል። ሰውነትን "ያጥባል" ይባላል፤ ግን ውሃና ትንሽ ፖታሲየም ነው፣ ማንንም አያጥብም። ብትወዱት ጠጡት። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሰለሪ ቫይታሚን ኬ ስላለው በአንድ ጊዜ በብዛት ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ሰለሪ አለርጂ የሚያስነሳበት ሰውም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በምግብ ማሸጊያ ላይ ጎልተው እንዲጻፉ ካስገደዳቸው 14 አለርጂ አስነሺዎች አንዱ እሱ ነው። እዚያ ያላችሁና የሚያሳክካችሁ፣ የሾርባ ኩብና ዱቄት ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ።

መቀመጫውንም አትጣሉት

አገዳው ካለቀ በኋላ የሚቀረውን መቀመጫ፣ አራት ጣት ያህል ከፍታ አስቀርታችሁ፣ መሐሉ ለጋ ቅጠል ካለው ትንሽ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጡት። ውሃው ታችኛውን ብቻ ይንካ። መስኮት ዳር ይሁን፣ ውሃው በየሁለት ቀኑ ይቀየር። ከሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ከመሐሉ አዲስ ቅጠል ብቅ ይላል። ሥር ሲያወጣ ፍግ ያለበት አፈር ባለው ባልዲ ወይም ጣሳ ውስጥ፣ አዲሱ ቅጠል ብቻ እንዲታይ አድርጋችሁ ትከሉት። ታቹን ብሱት፣ አፈሩ እንዳይደርቅ በየቀኑ እዩት።

የገበያውን የሚያህል እስር አትጠብቁ። የሚሰጣችሁ ቅጠልና ቀጫጭን አገዳ ነው፤ ለሾርባ ግን ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ስትወስዱ ከውጭ በኩል ቀንጥሱ፤ መሐሉን ካልነካችሁት ማውጣቱን ይቀጥላል።